ለሥራ ኢንተርቪው እንዴት መዘጋጀት ይቻላል? ጠያቂዎቹ የሚጽፉት ነገር ስጧቸው

ለኢንተርቪው ከተጠራችሁ ሲቪያችሁ የድርሻውን ተወጥቷል ማለት ነው። ትምህርታችሁና ልምዳችሁ ባይበቃ ኖሮ ስልክ አይደወልላችሁም ነበር። ይህን ልብ የሚለው ግን ጥቂት ሰው ነው። አብዛኛው አመልካች ክፍሉ ውስጥ ገብቶ ያንኑ ሲቪ በቃሉ ይወጣዋል። ሲቪው እኮ ጠያቂዎቹ ፊት ተዘርግቷል! የጠሯችሁ ወረቀቱ የማይነግራቸውን ነገር ለመስማት ነው።

ሥራ ፈላጊ ሆኜ ላብ በላብ እያልኩ ተጠይቄያለሁ። በኋላ ደግሞ ከጠረጴዛው ማዶ ሆኜ ጠይቄያለሁ። ከማዶ ሲታይ ነገሩ ሌላ ነው። ሥራውን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ረጅም ሰዓት አውርቶ ሲወጣ፣ የእኔ የነጥብ መስጫ ወረቀት ባዶውን የቀረበት ጊዜ አለ። ሰውየው አላጠፋም፤ ብቻ የሚጻፍ ነገር አልሰጠኝም። ከዚህ በታች የምላችሁ ነገር ሁሉ ዞሮ ዞሮ ስለዚያ ወረቀት ነው።

1. የሥራ ማስታወቂያውን እንደ ፈተና አንብቡት

ማስታወቂያውን አትሙትና እስክሪብቶ ያዙ። ከሥራ ዝርዝሩና ከተፈላጊ ችሎታው ሥር ያለውን እያንዳንዱን ነጥብ ወደ ጥያቄ ቀይሩት። "ጫናን ተቋቁሞ መሥራት የሚችል" ካለ፣ ጥያቄው "ሥራ የተደራረበብዎትን ጊዜ ይንገሩን" ነው። "ከተለያዩ የሥራ ክፍሎች ጋር ተባብሮ" ካለ፣ ስለ አለመግባባት መጠየቃችሁ አይቀርም። ጠያቂዎች ጥያቄ ከሰማይ አያወርዱም። ብዙውን ጊዜ የሚያወጡት ከዚያችው ማስታወቂያ ነው።

ቀጥሎ ካላችሁ ችሎታ ሁሉ ለዚህ ሥራ የሚሆነውን ለዩ። ታዋቂው ጣሊያናዊ ሠዓሊ ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ እ.ኤ.አ. በ1482 አካባቢ ለሚላኑ ገዥ ለሉዶቪኮ ስፎርዛ ያዘጋጀው የሥራ ማመልከቻ ረቂቅ ዛሬም አለ። በአሥር ነጥብ ሲዘረዝር የበዛው ተንቀሳቃሽ ድልድይ፣ መድፍ፣ ሽፋን ያለው የጦር ሠረገላ መሥራት እንደሚችል ነው። ሥዕልን የሚያነሳው መጨረሻ ላይ ነው። ገዥው የሚፈልገው የጦር መሐንዲስ ነበራ! እናንተም በጣም የምትኮሩበት ችሎታ ለዚህ ሥራ ምንም የማይፈይድ ሊሆን ይችላል። ቅር እያላችሁም ቢሆን ወደ ኋላ አስቀሩት።

2. ስለ መሥሪያ ቤቱ እወቁ

አንድ ሰዓት ይበቃል። ምን ይሠራል፣ ለማን ይሠራል፣ በቅርቡ ምን ተለወጠ? የተመሠረተበትን ዓመት መሸምደድ አያስፈልግም፤ ማንም አይጠይቃችሁም። እዚያ የሚሠራ ወይም የሠራ ሰው ካገኛችሁ ግን የሩብ ሰዓት ጨዋታው ከድረ ገጹ ሁሉ ይበልጣል። ድረ ገጽ ላይ የሚጻፈው መሥሪያ ቤቱ መሆን የሚመኘውን ነው።

3. ታሪኮቻችሁን ሰብስቡ

ትልቁ ሥራ ይህ ነው። ጊዜ ካጠራችሁ ሌላውን ትታችሁ ይህን ሥሩ።

አሁን ብዙ ቦታ "ጎበዝ ነዎት ወይ?" ተብሎ አይጠየቅም። የሚጠየቀው "እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞዎት ያውቃል? ምን አደረጉ?" ተብሎ ነው። ሰው ነገ የሚያደርገውን ለመገመት ትናንት ያደረገውን መጠየቅ ይሻላል ከሚል ሐሳብ የመጣ ነው። ለሁሉም አመልካች አንድ ዓይነት ጥያቄ ይቀርባል፤ ለእያንዳንዱ መልስም ነጥብ ይሰጣል፣ ለምሳሌ ከ1 እስከ 5። ፍራንክ ሽሚት እና ጆን ሃንተር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1998 የ85 ዓመት ጥናቶችን አሰባስበው ነበር። እንዲህ በወጉ ተዘጋጅቶ የሚደረግ ቃለ መጠይቅ፣ እንደመጣ ከሚደረገው ጭውውት ይልቅ የሰውን የሥራ ብቃት እንደሚለይ አሳይተዋል።

ይህ ለእናንተ ምን ማለት ነው? እናንተ ስትናገሩ ጠያቂው እየጻፈ ነው። በኋላ ፓነሉ (የጠያቂዎቹ ቡድን) ሲሰበሰብ "ለምንድን ነው 4 የሰጠሃት?" መባሉ አይቀርም። መልሱ ከወረቀቱ ላይ መነበብ አለበት። "ታታሪ ነኝ፣ በቡድን መሥራት እወዳለሁ፣ ለመማር ዝግጁ ነኝ" ካላችሁት ምን ብሎ ይጻፍ? ከእናንተ በፊት የገቡትም ብለውታል፤ ከእናንተ በኋላ የሚገቡትም ይሉታል።

ስለዚህ ባዶ ወረቀት አውጡና በሥራ ሕይወታችሁ የገጠሟችሁን ስድስት ወይም ሰባት ክስተቶች ጻፉ። ችግር የፈታችሁበት፣ ከሰው ጋር ያልተስማማችሁበት፣ ቀነ ገደብ ያስጨነቃችሁበት፣ ማንም ሳያዛችሁ አንድ ነገር የጀመራችሁበት፣ የተሳሳታችሁበት፣ የማታውቁትን ነገር በፍጥነት የተማራችሁበት። መጀመሪያ ላይ ምንም አይመጣላችሁም። ይህ የሁሉም ሰው ችግር ነው። የድሮ ኢሜይሎቻችሁን፣ ሪፖርቶቻችሁን፣ የቀን መቁጠሪያችሁን ገልበጥ ገልበጥ አድርጉ። ያኔ ትዝ ማለት ይጀምራል። ገና ከትምህርት ቤት ከወጣችሁ የመመረቂያ ሥራ፣ የበጎ ፈቃድ አገልግሎት፣ በቤተሰብ ንግድ ያገዛችሁበት ጊዜ ሁሉ ይሠራል። ጠያቂው የሚፈልገው ያደረጋችሁትን እንጂ የደመወዝ ፔሮል ላይ መኖራችሁን አይደለም።

እያንዳንዱን ታሪክ በአራት ክፈሉት፦ ሁኔታው፣ የእናንተ ኃላፊነት፣ ያደረጋችሁት፣ ውጤቱ። ይህን ብዙ ቦታ ታገኙታላችሁ፤ አዲስ ነገር አይደለም። ማንም የማይነግራችሁ ክፍፍሉን ነው። ሁኔታውና ኃላፊነቱ ተደምረው ከሦስት ዓረፍተ ነገር አይለፉ። የቀረው ጊዜ በሙሉ ያደረጋችሁት ነገር ነው። ውጤቱ አንድ ወይም ሁለት ዓረፍተ ነገር።

በምሳሌ እንየው። ጥያቄው "ከሥራ ባልደረባዎ ጋር ያልተስማሙበትን ጊዜ ይንገሩን" ነው እንበል።

አንደኛው አመልካች እንዲህ ይላል፦ "እኔ በባሕርዬ ከሰው ጋር አልጋጭም። ሁልጊዜ በመነጋገር አምናለሁ። በቡድናችን ውስጥ ችግር ሲፈጠር ተወያይተን እንፈታዋለን።"

ጨዋ መልስ ነው። ሰውየውም ጥሩ ሰው ሳይሆን አይቀርም። ግን ምን ይጻፋል?

ሁለተኛዋ እንዲህ ትላለች፦ "የሒሳብ ሠራተኛ ሳለሁ ወርኃዊ ሪፖርቱን ወር በገባ በ5ኛው ቀን ማስረከብ ነበረብኝ። አንድ የሽያጭ ባልደረባዬ ግን ደረሰኝ ያዘገይብኝ ነበር። መጀመሪያ በኢሜይል ወቀስኩት፤ ጭራሽ ባሰበት። ከዚያ ቢሮው ድረስ ሄጄ ምን እንደሚያዘገየው ጠየቅኩት። ለካ ብዙውን ቀን ውጭ ነው የሚውለው፤ ደረሰኞቹን የሚያደራጀው ወር ሲያልቅ ብቻ ነው። በየሳምንቱ ዓርብ በስልኩ ፎቶ አንስቶ እንዲልክልኝ፣ ዋናውን በኋላ እንዲያመጣ ሐሳብ አቀረብኩ። ተስማማን። አሠራሩን ለአለቃዬ አሳወቅኩ። ቀጥሎ በነበሩት ሦስት ወራት ሪፖርቱ በቀኑ ወጣ።"

ይህ ሲነገር አንድ ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ትልቅ ጀብዱ የለበትም። ግን ወረቀቱ ላይ የሚሰፍረውን ቁጠሩ፦ ችግሩን ራሷ ሄዳ ጠየቀች፣ ምክንያቱን አገኘች፣ መፍትሔ አመጣች፣ አለቃዋን አሳወቀች፣ ውጤቱ ታየ። መጀመሪያ የሞከረችው እንዳልሠራም ተናግራለች። ይህ ደግሞ ታሪኩን እውነተኛ ያደርገዋል። ሁሉ ነገር ከመጀመሪያው የተሳካበት ታሪክ ሲነገረኝ ብዙም አላምንም።

ሰዎች በተደጋጋሚ የሚሰናከሉት ሦስት ቦታ ላይ ነው። አንደኛው ዙሪያ ጥምጥም መሄድ ነው። የመሥሪያ ቤቱን መዋቅር፣ የአለቃውን ጠባይ፣ ከዚያ በፊት የነበረውን ታሪክ ሲተርኩ ሰዓቱ ያልቅና ዋናው ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ይዘጋል። ሁለተኛው በ"እኛ" ውስጥ መደበቅ ነው። "ተነጋገርን፣ ወሰንን፣ ሠራን።" ትሕትናው ያስመሰግናል፤ ጠያቂው ግን የሚቀጥረው ቡድኑን አይደለም። የቡድን ሥራ ከሆነ "ቡድኑ ይህን ሠራ፤ የእኔ ድርሻ ይህ ነበር" በሉ፤ በቃ። ጉራ አይደለም። ሦስተኛው ውጤቱን መርሳት ነው። ቁጥር ካላችሁ ቁጥር፤ ከሌላችሁ ምን እንደተለወጠ ተናገሩ። ቁጥር አትፍጠሩ። "ሽያጭ 40 በመቶ ጨመረ" ብላችሁ "እንዴት ለካችሁት?" ስትባሉ ዝም ካላችሁ፣ እስከዚያ የተናገራችሁት ሁሉ አብሮ ይወድቃል።

ታሪኩን ቃል በቃል አትሸምድዱ። የተሸመደደ ንግግር ጠያቂው መሃል ላይ ሲያቋርጣችሁ ይበታተናል። ለእያንዳንዱ ታሪክ አራት አምስት ቃል ጻፉ፤ ሌላው በራሱ ይመጣል። አንድ ታሪክ ለሁለት ለሦስት ጥያቄ ይሆናል። የደረሰኙ ታሪክ ስለ ግጭት፣ ስለ ችግር አፈታት፣ ስለ ቀነ ገደብ ሲጠየቅም ይሠራል።

ስለ ድክመት የሚጠየቀው ጥያቄ ለብቻው ዝግጅት ይፈልጋል። "ድክመቴ ሥራ ማብዛቴ ነው"፣ "ፍጹም እንዲሆን እፈልጋለሁ" የሚሉት መልሶች አርጅተዋል፤ ሽወዳ መሆናቸውንም ሁሉም ያውቃል። እውነተኛ ግን ለሥራው ዋና ያልሆነ ድክመት ምረጡ፤ ለማሻሻል የምታደርጉትንም ጨምሩበት። ገንዘብ ያዥ ለመሆን የሚያመለክት ሰው ድክመቴ ቁጥር ማሳሳት ነው አይልም መቼም።

4. "እስቲ ስለ ራስዎ ይንገሩን"

ከአንድ ደቂቃ ተኩል አይብለጥ። አሁን ምን ትሠራላችሁ፣ እዚህ ያደረሳችሁ ምንድን ነው፣ ይህን ሥራ ለምን ፈለጋችሁት። የትውልድ ቦታ፣ የቤተሰብ ሁኔታ፣ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስም አያስፈልግም። በቃል መያዝ ከፈለጋችሁ ይህችን የመጀመሪያዋን መልስ ብቻ ያዙ፤ ልብ ድው ድው በሚልበት ሰዓት አፍ ማሟሻ ትሆናለች።

5. ጮክ ብላችሁ ተለማመዱ

በልብ መለማመድ መለማመድ አይደለም። ልብ ውስጥ ሁሉም ነገር ያምራል። በስልካችሁ ድምፃችሁን ቅዱና አዳምጡት። የራስን ድምፅ መስማት ያስጠላል፤ ግን "እንትን"፣ "ማለት ነው"፣ "ምን መሰለህ" ምን ያህል እንደምታበዙ የሚነግራችሁ ሌላ ነገር የለም። መስታወት ፊት መለማመድን ብዙዎች ይመክራሉ፤ እኔ አልወደውም። ሰው መስታወት ፊት ሲቆም ትኩረቱ ከሚናገረው ወደ ፊቱ ይሄዳል። ይልቅ ሳያዝንላችሁ የሚያቋርጣችሁ ጓደኛ ፈልጉ።

ስለ ቻትቦት (ስትጽፉለት መልስ ስለሚጽፈው የኮምፒውተር ፕሮግራም) ደግሞ፦ መልስ አስጽፋችሁ አትያዙ። የሚጽፈው ያማረ ነው፤ ግን ለሁሉም የሚጽፈው ተመሳሳይ ነው። ጠያቂዎችም አንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ከሁለት ከሦስት አመልካች አፍ ሲሰሙ ይገባቸዋል። የሚጠቅመው በጠያቂነት ነው። ማስታወቂያውን ስጡትና "እንደ ቀጣሪ ጠይቀኝ፣ በመልሴም ላይ ተከታታይ ጥያቄ አንሳ" በሉት። ለዚህ ጎበዝ ነው።

6. የዋዜማው ነገር

ልብስ፣ ማስረጃ፣ መንገድ፣ እንቅልፍ። ይህን ታውቁታላችሁ።

ኢንተርቪው በቪዲዮ ከሆነ ግን ትንሽ ሥራ አለ። ካሜራው ከዓይናችሁ እኩል ይሁን፤ ላፕቶፑን መጻሕፍት ላይ ከፍ አድርጉት። ብርሃን ከፊታችሁ ይምጣ፤ መስኮት ከኋላ ከሆነ ጥላ ብቻ ነው የምትታዩት። ማይክሮፎን ያለው ኢርፎን ከላፕቶፑ ድምፅ ይሻላል። መስመር ቢቋረጥ የምትደውሉበትን ስልክ ቁጥር አስቀድማችሁ ጠይቁ። ማስታወሻ ስክሪኑ ጎን መለጠፍ ይቻላል፤ ካነበባችሁት ግን ዓይናችሁ ያሳብቅባችኋል።

7. ክፍሉ ውስጥ

መፍራት አይቀርም። "ተረጋጋ፣ ተረጋጋ" ማለት ብዙም አይሠራም። አሊሰን ዉድ ብሩክስ የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣችው ጥናት፣ ከንግግር በፊት ለራሳቸው "ጓጉቻለሁ" ያሉ ሰዎች "ተረጋግቻለሁ" ካሉት የተሻለ ተናግረዋል። ወጪ የለውም፤ ሞክሩት።

ሌሎቹን አቋራጮች ግን ተዉአቸው። ከመግባታችሁ በፊት እጃችሁን ወገባችሁ ላይ አድርጋችሁ ሁለት ደቂቃ ቁሙ የሚለው ምክር እ.ኤ.አ. ከ2010 ጥናት የመጣ ነው። ከጥናቱ ጸሐፊዎች አንዷ ዴና ካርኒ ራሷ እ.ኤ.አ. በ2016 ውጤቱ እውነት ነው ብላ እንደማታምን በይፋ ጽፋለች። "93 በመቶው መልእክት የሰውነት ቋንቋና የድምፅ ቃና ነው" የሚባለውም የሥነ ልቦና ተመራማሪው አልበርት መህራቢያን እ.ኤ.አ. በ1967 ካወጣቸው ጥናቶች ተቆርጦ የወጣ ነው። እሱ ያጠናው ስሜትና ውዴታ እንዴት እንደሚገለጽ ነው፤ የሥራ ልምድን ስለማስረዳት አልተናገረም። ቀና ብላችሁ ተቀመጡ፣ የጠየቃችሁን ሰው እዩ፣ መሃል መሃል ላይ ዓይናችሁን ወደ ሌሎቹም አዙሩ። ከዚህ በላይ ስለ እጅና እግር መጨነቅ ከታሪካችሁ ያናጥባችኋል።

ጥያቄ ሲቀርብላችሁ ወዲያው አትጀምሩ። "አንድ አፍታ ላስብበት" ማለት ይቻላል። ለእናንተ ዘላለም የሚመስለው ዝምታ ለጠያቂው ያለፈውን መልስ ጽፎ የሚጨርስበት ጊዜ ነው። እንዲያውም ይወደዋል። ጥያቄው ካልገባችሁ ጠይቁ። ሁለት ጥያቄ በአንድ ላይ ከመጣ፣ ይዛችሁት በገባችሁት ወረቀት ላይ ማስታወሻ ያዙ።

የማታውቁትን አላውቅም በሉ፤ ግን እዚያ ላይ አታቁሙ። "ይህን ሶፍትዌር አልሠራሁበትም። ተመሳሳዩን ሠርቼበታለሁ፤ ያንንም የተማርኩት እንዲህ ባለ መንገድ ነው።" ይህ ነጥብ ያስገኛል። መቀባጠር ግን ያለውንም ያስወስዳል፤ ከጠያቂዎቹ አንዱ ነገሩን አበጥሮ የሚያውቅ ነው።

የቀድሞ አለቃችሁን አትሙ። የምትሉት እውነት ቢሆንም አትሙ። ጠያቂው የሰውየውን ጥፋት የሚያጣራበት መንገድ የለውም፤ የሚያየው እናንተ ስታሙ ብቻ ነው። "ለምን ለቀቁ?" ከተባላችሁ ወደምትሄዱበት ተናገሩ፦ ምን መማር ፈለጋችሁ፣ ምን ዓይነት ሥራ ናፈቃችሁ።

8. ደመወዝ

እነሱ ሳያነሱ አታንሱ። ሲያነሱ ደግሞ "እናንተ እንደወሰናችሁ" አትበሉ። ይህ መልስ ትሕትና ይመስላል፤ በተግባር ግን ዝቅተኛውን ስጡኝ ማለት ነው። ለእንዲህ ዓይነት የሥራ መደብ ምን ያህል እንደሚከፈል አስቀድማችሁ በሥራው ላይ ካሉ ሰዎች አጣሩ። ከዚያ ከዚህ እስከዚህ ብላችሁ ተናገሩ። የታችኛው ቁጥር እውነት የምትስማሙበት ይሁን፤ የሚሰጣችሁ እሱ ሊሆን ይችላልና። ወይም "ለመደቡ የያዛችሁት በጀት ምን ያህል ነው?" ብላችሁ መልሳችሁ ጠይቁ። አይናደዱም።

9. "እርስዎስ ጥያቄ አለዎት?"

የለኝም አትበሉ። ሁለት ሦስት ጥያቄ ይዛችሁ ግቡ። እኔ የምወደው "በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ውስጥ የተቀጠረው ሰው ምን ቢሠራ ጥሩ ቀጠርን ትላላችሁ?" የሚለውን ነው። መልሱ ማስታወቂያው ላይ ያልተጻፈውን ሥራ ይነግራችኋል። "ይህ መደብ አዲስ ነው ወይስ ሰው ለቅቆ ነው?" የሚለውም ጥሩ ነው፤ ለዚህ ጥያቄ ጠያቂዎቹ እርስ በርስ ከተያዩ ልብ በሉ። የዓመት ፈቃድና ጥቅማ ጥቅም ሥራው ከተሰጣችሁ በኋላ የሚጠየቅ ነው። ውሳኔው መቼ እንደሚታወቅ ሳትጠይቁ አትውጡ።

10. ከወጣችሁ በኋላ

ቤት እስክትደርሱ አትጠብቁ፤ የተጠየቃችሁትን ጥያቄ ሁሉ ስልካችሁ ላይ ጻፉ። በተለይ የከበዷችሁን። ሁለተኛ ዙር ካለ ወይም ሌላ ቦታ ከተጠራችሁ ከዚህ የተሻለ የጥያቄ ስብስብ አታገኙም።

በማግስቱ አጭር የምስጋና ኢሜይል ላኩ፤ ሦስት ዓረፍተ ነገር ትበቃለች። የረሳችሁትን መልስ በኢሜይል ልትጨርሱ አትሞክሩ። ያሉት ቀን ካለፈ ጥቂት የሥራ ቀናት ጠብቁና አንድ ጊዜ በትሕትና ጠይቁ። አላለፋችሁም ከተባላችሁ፣ የትኛው መልስ ላይ ነጥብ እንዳጣችሁ ይነግሯችሁ እንደሆነ ጠይቁ። ብዙዎቹ አይመልሱም። የሚመልስ ከተገኘ ግን ከፊቱ ያንኑ የነጥብ ወረቀት ይዞ ነው የሚነግራችሁ፤ የትኛው ታሪክ ላይ ምንም እንዳልጻፈ ካወቃችሁ እሱን ታሪክ ቀይሩት። መልሱን እየጠበቃችሁም ሌላ ቦታ ማመልከቱን አታቁሙ።